ሞተሩ ሳይጠፋ

ወዳጆና ታናሽ ወንድሙ ተገኘ ሞላሌ ገበያ የሚሄዱት ሁልጊዜ አብረው ነበር። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ፣ በአንዱ ቅዳሜ ጧት በጎቻቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። የተገኘ ሚስት አረጋሽ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ሁሉም የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበዋል።

«ይህን ቀንዳም ሙክት ዛሬም ሳትሸጠው ብትመልሰው እኔ አርደዋለሁ» አለ ወዳጆ።

«አንተማ ጋሼ፣ ሁዳዴ ገብቶም ቢሆን ታርደዋለህ» አለ ተገኘ። አረጋሽ ከኋላ ሆና ሳቀች።

ሳቋን ሳትጨርስ ከመሐል ሜዳ የሚመጣ የጭነት መኪና ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። ሙክቱ ደንብሮ ወደ መንገዱ ዘለለ። ተገኘ ገመዱን እንደያዘ ተከተለው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ወዳጆ ያየው እስከዚህ ድረስ ነው። ቀጥሎ ያየው ወንድሙን ቦይ ውስጥ ተዘርሮ፣ ባናውንም ብቻውን መንገዱ ማዶ ወድቆ ነው።

በጉ ምንም አልሆነም። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሣር ይግጥ ጀመር።

ሾፌሩ ኃይለመስቀል የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ረዳቱ ታሞ መሐል ሜዳ ስለቀረ መኪናው ውስጥ ብቻውን ነበር። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ ወረደና ጆሮውን ተገኘ ደረት ላይ አደረገ።

«ነፍሱ አለች!» ብሎ ጮኸ። «ጭኑ ነው የተሰበረው፤ ደሙ እየፈሰሰ ነው። እባካችሁ በአንድ በኩል ያዙልኝ፤ እንጫነውና ሳይመሽ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ላድርሰው!»

ወዳጆ የሰማው ግን ሰውየው መኪናው ላይ ሊወጣ መሆኑን ብቻ ነው። በዚያ መካከል ገበያተኛው ተሰበሰበ። ጎረቤታቸው አስፋው ሰውን እየገፋ መጣ።

«ምን ቆመህ ታየዋለህ፣ ወዳጆ? የወንድምህን ደም አፍስሶ ሊያመልጥ እኮ ነው!»

«ይዤው ልሂድ ነው ያልኩት፣ ወንድሞቼ! እናንተም አብራችሁኝ ውጡ!» አለ ሾፌሩ።

«ወንድሞቼ ይለናል ደግሞ!» አለ አንዱ። «ወንድሙንማ ገደልክበት!»

ወዳጆ ዱላውን አነሣ። ሾፌሩ ይህን ሲያይ ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ። የቤተ ክርስቲያን ደወል የያዘ ሰው እንደማይነካ ያውቃል። አሳዳጆቹም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ደወሉ ጋ ሳይደርስ ሊይዙት ተሽቀዳደሙ። ከሃያ የማያንስ ጎልማሳ፣ የወደቀ ሰው ለማንሣት የሚበቃ ጉልበት ሁሉ፣ ዳገቱን ወጣ። ቦዩ አጠገብ የቀሩት አረጋሽና ሁለት አሮጊቶች ነበሩ።

«ጋሼ ወዳጆ! ይመለሱ! እሱን ይተዉትና ይህን ያንሡልኝ!»

ወዳጆ የአረጋሽን ድምፅ ሰምቶታል። ኋላም አልሰማሁም ብሎ አያውቅም። ለቅሶ ነው ብሎ አለፈው።

ሾፌሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ደረሱበት። ዱላው ሲሰነዘርበት ራሱን ለማዳን ሁለት እጆቹን አነሣ። የወዳጆ የመጀመሪያ ምት ቀኝ ክንዱን ሰበረ፤ ሁለተኛው ግራውን። መምሬ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው ከቅጽሩ እየሮጡ ወጡ።

«ገዝቻለሁ! ከእንግዲህ ዱላ የሚያነሣ የተገዘተ ይሁን!»

ዱላው ሁሉ ወረደ። ወዳጆ ሾፌሩን ከፊቱ እየነዳ ቁልቁል ተመለሰ። የወንድምነት ግዴታውን የፈጸመ መስሎት ደረቱ ተነፍቶ ነበር።

ቦዩ ጋ ሲደርስ አረጋሽ መቀነቷን ፈትታ የባሏን ጭን አስራ፣ ራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አገኛት። መቀነቱ ቀልቶ ነበር። የተገኘ ዓይኖች ተከፍተዋል።

«ጋሼ» አለ ተገኘ። «በረደኝ።»

ወዳጆ ከአጠገቡ ተንበረከከ። «አለህ እንዴ? ተገኘ፣ አለህ?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ሲጠራዎት ነበር» አለች አረጋሽ።

«ጫኑት! ምን ትጠብቃላችሁ? ጫኑት!»

ባና ዘርግተው፣ ከአራት በኩል ይዘው አነሡትና መኪናው በጫነው የገብስ ጆንያ ላይ አስተኙት። መኪናው አንዳች አልጎደለበትም። ሞተሩ ያንጎራጉራል፤ መንገዱ ባዶ ነው። ቀኑ ገና አራት ሰዓት ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ።

«ማን ነው የሚነዳው?» አለ አስፋው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሁሉም ወደ ኃይለመስቀል ዞረ። እጆቹ ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥለዋል።

«መኪናው ላይ አውጡኝ» አለ ኃይለመስቀል።

ደግፈው ከመሪው ፊት አስቀመጡት። ጣቶቹን መሪው ላይ ሊያሳርፍ ሞከረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማርሹን አስገቡልኝ» አለ። ሾፌሩ በአገጩ ያመለከተውን ብረት ወዳጆ በሁለት እጁ ጎተተ። መኪናው አጓራ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ኃይለመስቀል እንደገና ሞከረ፤ ጮኸና መሪው ላይ ተደፋ።

ሌላ ሾፌር ፍለጋ ወደ ሞላሌ የተላከው ሰው ብቻውን ተመለሰ። የቃሬዛ እንጨት ተቆረጠ። እንጨቱ ታስሮ ሳያልቅ፣ ቀትር ሳይሆን፣ ተገኘ በጆንያው ላይ እንደተኛ አረፈ።

ኡኡታው ተነሣ። ከኡኡታው ሥር ሞተሩ ያንጎራጉራል።

«ያንን ነገር አጥፉልኝ!» አለች አረጋሽ።

ከዚያ ሁሉ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ አልተገኘም። ኃይለመስቀል እያለቀሰ ቁልፉን በዓይኑ አሳየ። ወዳጆ አዞረው። ያኔ አገሩ ሁሉ ጸጥ አለ።

ሐኪሙ ጋ ቢደርስ ይድን ነበር? እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ የምናውቀው መኪናውም ሾፌሩም ከደጁ ቆመው እንደነበሩ ነው።

በአርባው ተዝካር ሰው ሰፊው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መምሬ ኪዳነ ወልድ ኃይለመስቀልን አስከትለው ገቡ። ሁለት ክንዶቹ በወጌሻ መቃ እንደታሰሩ ነበሩ። ምግብ የያዘ እጅ ሁሉ ቆመ።

«ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?» አለ አስፋው።

ወዳጆ ተነሣ። አንዳንዱ ሊይዘው ተንደረደረ። እሱ ግን ኃይለመስቀልን ከጎኑ አስቀመጠውና እንጀራ ጠቅልሎ ወደ አፉ አቀረበለት።

«ጉረስ፣ ወንድሜ። እጅህን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ።»

ኃይለመስቀል ጎረሰ። እንባው መሶቡ ላይ ይወርድ ነበር።

ወዳጆ ወደ ሰዉ ዞረ። «ስሙኝ፣ ወገኖቼ። ተገኘን መኪና መታው፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን መዳኛው በዚህ ሰው እጅ ላይ ነበር፤ እኔ ሰበርኩት። ነገ በእናንተም መንገድ መኪና ይመጣል። ሰው ሲወድቅ አስቀድማችሁ ወደ ወደቀው ሩጡ። ደሙን እሰሩ፤ እንዳይበርደው አልብሱት፤ ስታነሡት አታንገላቱት። ሾፌሩን አትንኩት፤ እሱ ነው የሚያደርሳችሁ። ጥፋት ካለበት ዳኛ አለ፤ ዳኛ ነገም ከነገ ወዲያም ይገኛል። የሚፈስ ደም ግን ነገን አይጠብቅም።»

አስፋው አንገቱን ደፋ። አርባ ቀን ሙሉ ወዳጆን ቀና ብላ ያላየችው አረጋሽ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ፊቱ ቆመች።

«አሁን ገና ሰሙኝ፣ ጋሼ» አለችና ውሃውን በእጆቹ ላይ አፈሰሰችለት።