ስሜ የተሰፋበት መደገፊያ

ከዛሬ ጀምሮ መቱ ውስጥ አልታይም። ጎሬ አክስቴ ጋ ሄጄ፣ እዛ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብዬ አረጃለሁ። አሁን እንኳን የሱቃችን መጋዘን ውስጥ ጎማ መሀል ተደብቄ ነው ያለሁት። ፊቴ እየነደደ ነው። ደሞ እስቃለሁ! እያፈርኩ እስቃለሁ፣ ከዛ ሳቄን ሳስታውስ እንደገና አፍራለሁ።

በቃ ከሞተሩ ልጀምር። ይሄን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

አባቴ ጅራታ ይባላል፣ ከገበያው በታች የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከጓሮው ግቢ ውስጥ ደሞ ያገለገሉ ሞተሮች ይሸጣል። እኔ ኢብሴ ነኝ። አስራ ሁለተኛን ተፈትኜ፣ ውጤት እየጠበቅኩ ሱቅ እውላለሁ። አስራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ ነበር እኮ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት።

ኢቲቻ የያዮ ልጅ ነው። የጫካ ማር ይሰበስብና መቱ እያመጣ ይሸጣል። ሞተር ሊገዛ ግቢያችን የገባ ቀን ሁለት ሞተር ነበር። አንዱ ቀይ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዝቅ ያለ። ሌላው ረጅም ሁለት መቶ ሲሲ፣ አንድ ድርጅት ፕሮጀክቱን ሲዘጋ በጨረታ የሸጠው። ድሮ ነጭ ነበር መሰለኝ። መቀመጫው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል።

«ቀዩን ውሰድ» አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም!

«ለምን?»

«ፎቶ ላይ ያምራል።»

ወይኔ። የመለዋወጫ ነጋዴ ልጅ እንደዚህ ትላለች? እሱ ግን አልሳቀብኝም። ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ከቀዩ ሆድ ስር አስገባ።

«ያምራል» አለ። «ግን ሆዱ መሬት ሊነካ ነው። የኛ ሰፈር ድንጋይ ይዘነጥለዋል። በዛ ላይ አቅሜ እዚህ ጋ አይደርስም።»

አባዬ ረጅሙን አስነስቶ አሰማው። «ይሄ ልቡ ጤነኛ ነው። መልኩ ነው የሞተው።»

«መልኩን እኔ እሠራዋለሁ ጋሼ» አለ ኢቲቻ፣ ፈገግ ብሎ። ሲስቅ አንድ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል። አንድ ብቻ! ሌላኛው የት ሄደ ብዬ ስፈልግ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባዬ «ኢብሴ፣ ዝንብ ይገባል» ብሎ ቀሰቀሰኝ።

ሞተሩን ሲገዛ ኪሱ ባዶ ሆነ። ስለዚህ የቀረውን ከወዳደቀ ነገር ነበር የሚሠራው። በገበያ ቀን ማሩን ሸጦ ሲጨርስ ግቢያችን ይመጣል። ካረጀ የአልጋ ብረት የኋላ መጫኛ አስበየደ። ከውሃ ቧንቧ ደሞ ሞተሩ ሲወድቅ እንዳይጎዳ መከላከያ። ከቢጫ ጀሪካን ቆርጦ እጁን ከቅርንጫፍ የሚጋርድለት ነገር ሠራ። እንዴት እንደሚያምር ብታዩት! እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። አስራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ ስጪኝ ሲለኝ አስራ አራት ቁጥር እሰጠዋለሁ። መልሶ ቀና ብሎ እንዲያየኝ።

ኢቲቻ ወሬ አይችልም። ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው፣ በብርድ ጠዋት እንደሚነሳ ሞተር። እኔ ደሞ አላስጨርስም። እዚህ ላይ ነው ጉዴ የመጣው።

አንድ ቀን ሲባጎ ይዞ መጣ።

«ኢብሴ፣ እስኪ አንዴ ከኋላ ቁጭ በይ።»

«እኔ?»

«ቁመትሽ ልክ ስለሆነ… የእግር ማስቀመጫውን ልለካ።»

ቁመትሽ ልክ ስለሆነ! ተቀመጥኩ። ሲባጎውን ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ ዘርግቶ ለካ፣ ደግሞ እንደገና ለካ። ልቤ ከሞተሩ በላይ ይጮሃል።

«በአንድ ጎን ብትቀመጪስ? በቀሚስ እንደሚቀመጡት» አለ።

ቀሚስ ሲል እኔ የትኛው ቀሚስ እንደታየኝ አልነግራችሁም። ነጭ ነበር።

«ለእጅ መያዣ ብረት ላድርግበት?»

«አንተን አልይዝም እንዴ?» አልኩት።

ኡኡኡ! እንዴት አልኩት? ጆሮው ድረስ ቀላ። ሲባጎው ከእጁ ወደቀ።

«ለማንኛውም… አደርግበታለሁ» አለ ወደ መሬት እያየ። «መደገፊያም እሠራለሁ። ወገቡን ለሚያመው ሰው እዚህ ጋ ሲሆን ነው አይደል የሚመቸው?»

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? አብረን ስናረጅ። ለእርጅናችን እያሰበልኝ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው።

«ኢብሴ፣ እናቴን…» ብሎ ጀመረ።

«ኧረ በእናትህ! ለእናትህ ገና እንዳትነግራት!» ብዬ ከሞተሩ ዘልዬ ወርጄ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ዞር ስል አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ከፍቅር ብዛት መሰለኝ።

ሮጬ የሄድኩት ኑሃ ጋ ነው። ኑሃ ጓደኛዬ ናት፣ አጎቷ ሱቅ የሶፋና የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። ምላሷ ከመርፌዋ ይስላል።

«ኑሃዬ፣ የሞተር መቀመጫ ሊያሠራልኝ ነው!»

«ሊብሬውም በስምሽ ወጣ?»

«አትቀልጂ! መደገፊያው ጀርባ ላይ ስሜን ስፊልኝ። ጥቁር ሌዘር ላይ፣ በቀይ ክር፣ ትልቅ አርገሽ።»

«እሱ ስፉበት አለ?»

«ሰርፕራይዝ ነው።»

«ኢብሴ፣ ልጁ ወድጄሻለሁ ብሏል?»

«ልኬን ወስዷል» አልኳት ኮራ ብዬ።

ኑሃ አንገቷን ነቀነቀች፣ ግን ሰፋችው። ኢብሴ። ከሩቅ ይነበባል። ለጸጉር መሠሪያ ያስቀመጥኩትን ብር ለሌዘሩ ሰጠሁ። ኢቲቻ ስፖንጁንና ብረቱን ጨርሶ ለልብሱ ኑሃ ጋ ትቶት ስለነበር መደገፊያውን አልብሰን፣ በፌስታል ጠቅልለን አሰርነው። ማክሰኞ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ «ቤትህ ስትደርስ ፍታው፣ ብቻህን» አልኩት።

እሱም ቆም ብሎ አየኝና «ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሱቅ በር ላይ ጠብቂኝ» አለ። «ለማን ብዬ እንደለፋሁ ታያለሽ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ! እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

ዛሬ ጠዋት ጸጉሬን በዱቤ ተሠርቼ፣ ነጭ ጫማ አድርጌ፣ በክረምት፣ በመቱ ጭቃ፣ በር ላይ ቆምኩ። ለኑሃ ብቻ ነበር የነገርኩት። እሺ፣ ለኑሃና ለሻይ ቤቷ ልጅ። እሺ፣ ባጃጅ ተራም ሰምቷል። ለማንም አልናገርም ያሉት ሁሉ በር በራቸው ላይ ነበሩ። አባዬ ብቻ ምንም ሳያውቅ ውስጥ የጎማ ካላማዳሪያ ይለጥፋል።

የሞተሩ ድምፅ ከቁልቁለቱ መጣ። ቢጫ ጀሪካኑ ታየኝ። ኢቲቻ ታየኝ። ከኋላው…

ከኋላው ሰው አለ።

ነጠላ ያደረጉ እናት። በአንድ ጎን ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም እግራቸው ማስቀመጫው ላይ ልክ አርፏል። በአንድ እጃቸው ብረቱን ይዘዋል። ወገባቸው መደገፊያው ላይ። ሁሉም ነገር ልክ፣ ሁሉም ነገር ለሳቸው!

ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ወገቡን የሚያመው ሰው እኔ አይደለሁማ! ቀሚስ የተባለውም የሳቸው ቀሚስ ነው! «እናቴን…» ብሎ የጀመረውም «እናቴን ሆስፒታል ላመላልስበት ነው» ሊለኝ ነበር!

ሞተሩ ቆመ። አንድ ባጃጅ ከኋላቸው መጥቶ ሲያልፍ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እትዬ ኢብሴ፣ እንኳን ደህና ገቡ!» አለ።

እናትየው በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔ ሽብሬ ነኝ! ኧረ ምን ጉድ ነው? ሁሩሙ ላይ ሻይ ልጠጣ ብወርድ ባለሻዩዋ «ኢብሴ፣ ግቢ እናቴ» አለችኝ። መንገድ ላይ ያለፈን ሁሉ ኢብሴ ይለኛል። ሽብሬ ነኝ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ማን ናት ኢብሴ?»

ሰፈሩ ሁሉ እኔን አየ። ሰማይ አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ። ነጭ ጫማ! ኑሃ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነክሳለች።

አባዬ እጁ ላይ ማስቲሽ እንደያዘ ወጣ። ሞተሩን ከኋላ ዞሮ አየ። አነበበ። ማስቲሹን ሱሪው ላይ ጠረገ። 

«የልጄን ስም ከያዮ እስከ መቱ በየከተማው አዙረሃል?» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ ነኝ ያሰፋሁት ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን፣ ያ የማይዘጋው አፌ፣ ዛሬ ተቆለፈ።

ኢቲቻ ኮፍያውን አወለቀ። «አዎ ጋሼ። ማክሰኞ ነው ያየሁት። ማንሳት እችል ነበር።» ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ! ዛሬ ማንም አላቋረጠውም። «አላነሳሁትም።»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። ድምፄ እንደ ጫጩት ነው የወጣው። «እሱ አልጠየቀኝም። መቀመጫው የኔ መስሎኝ ነው። ልኬን ሲወስድ…»

አለቀስኩ። እዛው፣ ሰው ፊት።

እትዬ ሽብሬ ቀስ ብለው ወርደው መጡና አገጬን ቀና አደረጉት። «አንቺ ነሽ? ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር እኮ። ቤት ውስጥ ሴና የምትባል ልጅ አለችኝ፣ በቁመት እኔኑ ናት፣ ጫማ ሁሉ እንዋዋሳለን። በሷ ለክተህ ሥራ ብለው «አይ ሃርሜ፣ አይ እናቴ፣ ልኩ መቱ ነው የሚወሰደው» አለኝ። መቱ ምን የተለየ ጉልበት አለ ብዬ ስገረም ነበር።»

ሰፈሩ ሳቀ። እኔ ቀና ብዬ ኢቲቻን አየሁት። እሱ የፊት ጎማውን ያያል፣ ጆሮው ግን ቀልቷል። ያቺ አንድ ጉንጭ ልትሰረጉድ ትታገላለች።

አባዬ አልሳቀም። «ስሙ ይነሳ» አለ።

ኑሃ ምላጭ አመጣች። እኔው ራሴ ተንበርክኬ ጀመርኩ። ቀዩን ክር በጥሼ በጥሼ አወጣሁት። ኢቲቻ ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ የወደቀውን ክር ይለቅማል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት በሹክሹክታ።

«መቼ አስጨረስሽኝ?»

«ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።»

«በኔም ነው የሳቁት። እኩል ነን» አለና ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። አየሁት! ኪሱ ነው የከተተው!

ክሩ አለቀ። በእጄ ጠረግኩት። ወይ ጉድ። ኑሃ ምን ያህል በወፍራም መርፌ እንደሰፋችው! ሌዘሩ ላይ ቀዳዳው ቀርቷል። ኢብሴ። ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

አባዬ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀዳዳውም ይነሳ አላለም። ከዛ የእትዬ ሽብሬን ክንድ ደግፎ መልሶ አስቀመጣቸውና መደገፊያውን ወዝወዝ አድርጎ አየው።

«ብየዳው ጥሩ ነው» አለ። «እናትህን ሐኪም አድርሳቸውና ስትመለሱ ግቡ። ሻይ ጠጥተን እናወራለን።»

እናወራለን! ደስታዬ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። «ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ግን አላገባም!» ብዬ ጮህኩ።

ኑሃ ግንባሯን ያዘች።

ማንም ሠርግ አላነሳም ነበር። አባዬ ሻይ ነው ያለው። ሻይ!

ባጃጅ ተራ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ሽብሬ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። አባዬ እንኳን ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኢቲቻ ሞተሩን አስነሳ፣ ኮፍያውን አጠለቀ፣ በቀስታ፣ ሳይቸኩል «እጠብቃለሁ» አለኝ። ሄዱ።

«የያዮ ቀይ ጭቃ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ደሞ ከክሩ ብሶ ይታያል» አለች ኑሃ ከኋላዬ። እኔ ግን ሮጬ መጋዘን ገባሁ።

ይኸው እዚህ ነኝ። ጸጉሬ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ ጫማዬ ነጭ መሆኑ ቀርቷል። አባዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ በሩን አንኳኳ፣ «ኢብሴ፣ ሻዩን ማን ያፍላው?» ይላል። አልወጣም ብያለሁ። ጎሬ ነው የምሄደው። ሰኞ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ።

ቆይ… ቆይ። ይሄ የማርሚታ፣ የጭስ ማውጫ ድምፅ… ከሆስፒታሉ በኩል ነው። አውቀዋለሁ፣ ከመቱ ሞተር ሁሉ መሀል አውቀዋለሁ። እየመጡ ነው።

እሺ አሁን ይሄን ፊቴን ምን ላድርገው?