ያልተከፈተው መጋዘን

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሃያ አራት ቀን ረፋድ ላይ፣ የመተማ ቆላ እንደ ምድጃ ግሎ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ ሱዳን ድንበር ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ጠፍቶ ነበር። አይናዲስ ኪዳን ግን በጸጥታው አልተታለለችም፤ በአየር ጠባይ ተመልካችነት አሥራ አንድ ዓመት የኖረችው፣ ቆለኛው ሀቡብ የሚለውን ከምዕራብ የሚነሣ የአቧራ ማዕበል ስታጠና ነውና፤ የአየሩ ግፊት እንደዚያ ቀን ሲያሽቆለቁል አይታ አታውቅም።

ለአለቆቿ ደወለች፤ «ሳይፈቀድ ማስጠንቀቂያ አይወጣም» አሏት። ባጃጅ ተሳፍራ ወደ አቶ ያረጋል የሰሊጥ እርሻ ገሠገሠች፤ በዚያም ከጎጃም ለምንጣሮ የወረዱ አርባ ሠራተኞች በቆርቆሮ ዳስ ያድሩ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ደረበም የእርሻው መጋዘን ጠባቂ ነበር።

«አቶ ያረጋል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ብርቱ ዐውሎ ይደርሳል። ይህ ቆርቆሮ አይችለውም፤ ሰዎቹን ወደ ግንቡ መጋዘን ያስገቡልኝ።»

«ምርጥ ዘር የሞላበትን ቤት ለቀን ሠራተኛ ልክፈት? ሰማዩን አያዩትም፣ እመቤቴ?» ብሎ ሄደ።

ወደ ወንድሟ ዞረች። «ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው፤ ክፈትላቸው።»

«እታለም፣ ከእንጀራዬ አታጣይኝ» አላት መሬት መሬት እያየ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በኩል ቀይ የአቧራ ግድግዳ ተነሣ፤ ቀኑ ጨለመ። ከምንጣሮው የሮጡት ሠራተኞች ዳሱ ውስጥ ታጨቁ፤ አይናዲስ የመጋዘኑን በር በድንጋይ ስትቀጠቅጥ፣ የዳሱ ጣሪያ ከነማገሩ ተነቅሎ በሠራተኞቹ ላይ ወደቀ። ስድስት ሰዎች ሞቱ። ደረበ ቁልፉን እንደጨበጠ ተንሰቀሰቀ።

በሳምንቱ መርማሪዎች መጡ። «አስቀድሞ የነገራችሁ ሰው ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

ደረበ ጌታውን አየና፣ «ማንም አልነገረንም» ብሎ ፈረመ።

«ደረበ፣ በእናታችን አጥንት!» አለች አይናዲስ።

ማስጠንቀቋን የሚያውቁት አለቆቿም ያለ ፈቃድ ሽብር ነዝታለች ብለው ከሥራዋ አነሷት፤ ከወንድሟም ጋር ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ስለዚያ ቀን በሰነድ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ ድንገተኛ ነፋስ ስድስት የቀን ሠራተኞችን ገደለ ይላል፤ ስማቸውን እንኳ አልያዘም። ጎጃም ያሉት ወላጆቻቸው እስከ ዛሬ የእግዜር ቁጣ ነው ብለው ያለቅሳሉ፤ ልጆቻቸው ከሞቱበት ሃምሳ እርምጃ ርቆ ጠንካራ የግንብ ቤት እንደነበረ የነገራቸው የለም።