ማኅተም ውኃ አያደርቅም

በሰርማት መንግሥት፣ ንጉሥ አዝመር በነገሠ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ የጥልማ ሐይቅ ነፋስ እየነፈሰበት አልንቀሳቀስ አለ። ማዕበሉ ተኛ። ውኃ ላይ ተወልደው ውኃ ላይ የሚያረጁት ዓሣ አስጋሪዎች ከዳር ቆመው ተያዩ። ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ አበባ ያለው አረም ለበሰ። አበባው ያምር ነበር፤ ከሥሩ ያለው ዓሣ ግን ትንፋሽ እያጠረው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፍ ጀመር።

ያምሮት አረሙ ከየት እንደ መጣ ታውቃለች። የሚያንገበግባትም ማወቋ ነው።

እንደ አባቷና እንደ አያቷ እርሷም የማድረቂያው ድንጋይ ጠባቂ ናት። የጥልማ ሕግ በድንጋዩ ላይ እንዲህ ተቀርጿል፦ «ከሌላ ውኃ የመጣ ታንኳ ሰባት ቀን ተደፍቶ ሳይደርቅ ወደዚህ ሐይቅ አይግባ። ጠባቂው ዱቄት ይነስንስበት፤ ዱቄቱ ከተጣበቀ ታንኳው አልደረቀምና ይቆይ።» ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕፃን ይረዳዋል። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዳሞር ግን ሊረዳው አልወደደም። በሙዛር ረግረግ ለጨዋታ ሲያጠምድ ሰንብቶ መጣ። ዓሣ እንኳ አይበላም፤ ደስታው ትልቁን አንጠልጥሎ ለሎሌዎቹ ማሳየት ነው። ያምሮት በታንኳው ጎን ላይ ዱቄት ነሰነሰች። ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። ያኔ አንድ ባለሟል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ዘረጋ፤ «የልዑል ታንኳ አይደፋም» ይላል። እርሷም ማኅተሙን አይታ መንገድ ለቀቀች። ያን ቀን ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ በኀፍረት ይቃጠላል።

አረሙ ሐይቁን ሲውጥ ንጉሡ አዋጅ አስነገረ። ጥፋተኞቹ ዓሣ አስጋሪዎቹ ናቸው ተባለ። መረባቸው ይቃጠል፣ ታንኳቸው ይወረስ፣ ሐይቁ እስከ ቀጣዩ ክረምት ካልጸዳም በሐይቁ መሐል ያለችው ደሴት ሕዝብ ከቤቱ ይነቀል ተባለ። ስለ ልዑሉ ጨዋታ አንድ ቃል አልተነሣም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በዚያች ደሴት ላይ የያምሮት እናት ስንዱ ትኖራለች።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፣ ልጄ» አላት የአባቷ ባልንጀራ የነበረው ሽማግሌ አስጋሪ፣ አያ ደንበሩ።

«ንጉሥ ልከስ አልሄድም፣ አያ። ያስገባሁትን ላወጣ ነው የምሄደው።»

የዚህን አረም እናት ሥር የሚያደርቃት በጨው ምድረ በዳ የምትኖረው የሐሩር ወፍ ላባ ብቻ እንደሆነ አስጋሪዎቹ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ያምሮት እጇን በድንጋዩ ላይ ጭና ማለች፦ «ጥልማ እንደገና በነፋስ ሳይንቀሳቀስ የእናቴን ደጃፍ ብረግጥ የአባቴ አጥንት ይውቀሰኝ።» አያ ደንበሩም «ያንቺ መሐላ የኔም ነው» ብሎ በትሩን አነሣ።

አሥራ ስድስት ቀን ተጓዙ። በጨው ሜዳው ላይ ነጫጭ ጅቦች መጥተውባቸው አንዱ የአያ ደንበሩን እግር ነከሰው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ በየእርምጃው ያነክሳል፣ ባነከሰ ቁጥርም ልዑሉን ይረግማል፤ መንገዱ ረጅም ስለነበር ልዑሉ ብዙ ተረገመ።

ወፏን በነጭ ዓለት ላይ ተቀምጣ አገኟት። ቁመቷ ከሁለት ሰው ይበልጣል፤ ከክንፏ የሚወጣው ሙቀት ቅንድባቸውን ለበለበው።

«ላባዬን እሰጣለሁ» አለች። «ነገር ግን እወቁ። እናት ሥሯ ስትሞት የመጨረሻ ዘሯን በያዛት እጅ ውስጥ ትቀብራለች። ያ እጅ እስከ ዕለተ ሞቱ አይደርቅም፤ የላባዬ ሙቀት ከበረደ በኋላ ውኃ ከነካም አረሙ እንደገና ይበቅላል።»

አያ ደንበሩ ፈጥኖ «እኔ እይዛታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እጅ ምን ያደርግልኛል?» አለ።

«በዚህ እግርህ ከሐይቁ ወለል አትደርስም፣ አያ» አለችው ያምሮት። «ደግሞም መንገድ የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ጥልማ በተመለሱ ጊዜ ያምሮት በጠራራ ፀሐይ ላባውን በጥርሷ ነክሳ ከአበባው ሥር ጠለቀች። ታች ጨለማ ነበር። እናት ሥሯ ከሺህ ክንዶቿ መሐል አንድ ቢጫ ዓይን ከፈተች፤ ክንዶቿም በያምሮት ወገብና አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ያምሮት ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። በቀኝ እጇ ግንዱን ጨብጣ በግራዋ ላባውን ከዓይኑ ላይ ሰካችው። ውኃው ፈላ። አረሙ ጠወለገ፣ ተሰባበረ፣ አመድ ሆኖ ሰጠመ። የላባው ሙቀት ሳይበርድ አያ ደንበሩ በጸጉሯ ጎትቶ አወጣት። ከዚያ ነፋስ መጣ፤ ማዕበሉም የማድረቂያውን ድንጋይ መታ።

ንጉሡ ከነሠራዊቱ ወረደ። ልዑሉም አዲስ መንጠቆ ይዞ ከጎኑ ነበር።

«ከጀግኖች ሁሉ በላይ የሆንሽ ልጃችን» አለ ንጉሡ፣ «ወደ እናትሽ ደሴት ተሻገሪ። ለአንቺ ስንል ሕጉን አንሥተናል፤ ማኅተማችን እነሆ።»

ያምሮት በቀኝ መዳፏ ላይ ዱቄት ነሰነሰች። ዱቄቱ ሊጥ ሆነ። መዳፏንም ለንጉሡ አሳየች።

«ጃንሆይ፣ ማኅተም ውኃ አያደርቅም። ለልጅዎ ሕጉን ያነሡ ዕለት ዓሣችን አለቀ። ለእኔ ካነሡት ደግሞ ልጆቻችን ያልቃሉ። ሊክሱኝ ከወደዱ ለድሆቹ ታንኳቸውን ይመልሱላቸው፤ የልዑሉም ታንኳ እንደ ሰው ታንኳ ይደፋ።»

ንጉሡ ወደ ልዑሉ ዞረ። ሕዝቡም «ይደፋ!» ብሎ ጮኸ። በዚያው ቀን ልዑሉ ታንኳውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ በድንጋዩ ላይ ደፋ፤ ሎሌ እንዳያግዘው ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ ይጠብቅ ነበር።

ያምሮት አልተሻገረችም። እናቷ ስንዱ በተመለሰላት ታንኳ መጣች። ያምሮት ቀኝ እጇን ከኋላዋ ሸሸገች፤ እናቷ ግን ጎትታ አወጣችውና በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ከዚያም እርጥቡን እጅ ነክታለችና ማንም ሳያዛት ሄዳ በማድረቂያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰባት ቀን እዚያው ሰነበተች፤ ልጇም በግራ እጇ እያጎረሰች አበላቻት።

በሰባተኛው ቀን ያምሮት በእናቷ መዳፍ ላይ ዱቄት ነሰነሰች። ዱቄቱ ረገፈ። በጠባቂነት ዘመኗ ሁሉ ዱቄት እንዲጣበቅ የተመኘችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ደርቀሻል፣ እማ» አለቻት። «ተሻገሪ።»