የተለቀቀው ወንበር

ልጅ መሸሻ እንግሊዝ አገር ከገባ ጀምሮ ያልናቀው ነገር አልነበረም፤ ከሁሉ አብልጦ የናቀው ግን እሑድን ነው። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ ዝናቡ ሳይጠናም ሳያባራም ሲንጠባጠብ የሚውል፣ ከየቤቱ የተቀቀለ ጎመንና የከሰል ጭስ ሽታ የሚወጣበት ቀን። አገሩ በሙሉ መጋረጃውን ዘግቶ ቴሌቪዥን ፊት ይደፋል። «ወይ ስልጣኔ! ሣጥን ላይ ሲያፈጡ መዋል!» ይላል መሸሻ፣ እሱ ራሱ በአከራዩ በሚስስ ሆብስ ሳሎን፣ ከቀዩ የከፈይ ወንበር ላይ ተሰይሞ እያፈጠጠ።

ወደዚህ ቤት የመጣው በፈቃዱ አይደለም። የአባቱ የፊታውራሪ ጭሰኛ ልጅ የሆነው ገላው፣ በትምህርቱ በርትቶ በመንግሥት ወጪ የተላከው ገላው፣ እዚሁ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ድንገት ደብዛው ጠፋ። እናቱ ፊታውራሪ ደጅ ላይ ተደፍታ «ሞቶም ከሆነ ቁርጤን ልወቅ!» ብላ አለቀሰች። ፊታውራሪም ልጃቸውን «ፈልገህ አግኘው» ብለው አዘዙት። መሸሻ ፍለጋ ብሎ ያደረገው ነገር ቢኖር የገላውን ክፍል መከራየት ብቻ ነው። አሮጊቷን አከራዩን እንኳ «የት ሄደ?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቃትም። የገላው ካፖርት ኮሪደሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አቧራ ለብሷል፤ መሸሻ ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር «ድሮስ ከጭሰኛ ልጅ ምን ይጠበቃል፣ ዕቃውን እንኳ አይሰበስብም» ይላል። በዚያ ብርድ ሰው ካፖርቱን ትቶ ወዴት ይሄዳል ብሎ ማሰብ ክብሩን የሚነካ መሰለው።

ገላውን ሲያስበው ትዝ የሚለው ከመቀመጫው ሲነሣለት ነው። አገር ቤት መሸሻ ብቅ ካለ ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሣለታል። ሰው የሆነ ሰው «በእግዜር! በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። እሱ እቴ! ወደ ኋላው እንኳ ሳያይ የተለቀቀለት ወንበር ላይ ዘጭ ይላል። ለገላው ያቺን አንዲት ቃል መልሶለት አያውቅም።

የዚያን እሑድ ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ በቴሌቪዥኑ ስለ ጽጌረዳ አገራረዝ ሲያወራ ቆየ። ቀጥሎ መላጦች ክብ ሠርተው ስለ ምርጫ ተነታረኩ፤ ከዚያ የጦርነት ፊልም መጣ። መሸሻ ሁሉንም እየሰደበ ሁሉንም አየ። ሌላ ጊዜ በቴሌቪዥኑ የሚተላለፈው የእሑድ ምሽት መዝሙር ሳይጀመር ወደ መጠጥ ቤት ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ዝናቡ አስቀረው። ሲጨልም ሚስስ ሆብስ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋች፤ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ባርኔጣዋን ደፋች። ሻይ ለራሷ ቀዳች፣ ለሱም ቀዳች፤ ከዚያ ሌላ ስኒ ሞልታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖረች።

«ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አላት።

«አንዳንዴ ሰው ይመጣል፣ ሚስተር መሸሻ።»

ባሏ ሞቶባት ጃጅታለች ብሎ በልቡ ሳቀባት።

መዝሙሩ የሚተላለፈው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ግራጫው ብርሃን ቀስ እያለ ሳሎኑን ሞላው፤ የኦርጋኑ ድምፅ ከጆሮው ይልቅ በወለሉ በኩል በእግሩ የሚገባ መሰለው፤ ከሣጥኑ ዙሪያ ደግሞ የረጠበ ድንጋይና ገና አሁን የጠፋ ሻማ ሽታ ይመጣ ጀመር። «ቤተ መቅደስ በጫማ ይገባሉ፣ እነዚህ ደንቆሮዎች» አለ መሸሻ። ካሜራው በአግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩትን ሰዎች አንድ በአንድ መዳሰስ ጀመረ። አፋቸው ይዘምራል፤ ዓይናቸው ግን ሳይርገበገብ ወደ ሳሎኑ ያያል።

«እሷ ሚስ ዶይል ናት» አለች ሚስስ ሆብስ በጣቷ እያመለከተች፤ «ፎቅ ላይ ነበረች። ያ ደግሞ ሚስተር ፔን ነው። በምግቤ ሲያጉረመርም ነው የኖረው።»

«ተከራዮችዎ ሁሉ ዘማሪ ሆኑ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «በሉ ድምፁን ይቀንሱት» አላት። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረችው። መዝሙሩ እንዳለ ነው።

ያን ጊዜ ከመጨረሻው ወንበር ጥግ አንድ ጥቁር ፊት ታየ። በሸሚዝ ብቻ ነው፤ በብርድ ይንቀጠቀጣል። መሸሻ ብድግ አለ።

«ገላው!» ብሎ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «የት ነው ይኼ ቦታ? እናቱ እኮ እያለቀሰች ነው! ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቁኝ?» አለች አሮጊቷ፣ ሻይዋን እያማሰለች።

ገላው ቀና አለ፤ አየው። መዘመሩን ተወ። ቀስ ብሎ ተነሣና፣ አገር ቤት እንደሚያደርገው፣ የተቀመጠበትን ቦታ በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገው። በዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ መዝሙር መካከል ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ኖር፣ ጌታዬ!»

መሸሻን ፍርሃቱ ለቀቀው። ይኸው፣ ገላው ተገኘ፤ ይኸው፣ እንደ ዱሮው ተነሣለት፤ ነገ ለአባቱ ቴሌግራም ይመታል። እንደ ልማዱ ወደ ኋላው ሳያይ፣ ያቺንም ቃል ሳይመልስ፣ የከፈዩ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

ከሥሩ ያለው እንጨት ነበር፣ እርጥብና ቀዝቃዛ። ግራና ቀኙን የማያውቃቸው ትከሻዎች ተጠግተውታል። ከፊቱ፣ ከድቅድቁ ጨለማ መካከል፣ ሣጥን የምታክል የመስተዋት መስኮት ታበራለች፤ በውስጧ ቀዩ ወንበር ባዶውን ይታያል፤ ገላው ባጠገቡ ቆሟል። «አንተ! እንዳትቀመጥ!» ሊል አፉን ቢከፍት የወጣው መዝሙር ነው፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል።

ከመስኮቷ ማዶ ገላው ስኒውን ከሚስስ ሆብስ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ወደ መሸሻ ዞሮ ከወገቡ ጎንበስ አለና «በእግዜር፣ ጌታዬ፣ በእግዜር» ብሎ ተቀመጠ።