ሊቁን ያስተማርኩበት ቀን

ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ከዚሁ ይመለስ። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር የምጨቃጨቅበት ትርፍ ጊዜ የለኝም።

ሥራዬ ስለ ሰው አጥንት ማስተማር ነው። በጥንቆላ አላምንም።

አሁንም አላምንም።

ታናሽ እህቴ ቅልጥሟ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ፣ "ዛሬ ከሰዓት ካልተሠራ እግሯን ልታጣ ትችላለች" ብሎናል። እሷ ግን ክራንቿን ይዛ "ሊቁ" የሚሉት አጭበርባሪ ዘንድ ሄደች።

ይህ ሰውዬ፣ "ሕመም ሁሉ ከአጥንት ክብደት ነው፤ እኔ አቀልላችኋለሁ" እያለ ይሰብካል። ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል! አንባቢ ሆይ፣ ከእነሱ አንዱ ከሆንክ እፈር።

ላወጣት ሄድኩ።

መጠበቂያ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግን አንድም ወንበር ሲንቋቋ አልሰማሁም...

አንዱ ስልኩን ወደ ጆሮው አነሳ። ክንዱ ታጠፈ።

የታጠፈው ክርኑ ላይ አልነበረም... ከክርኑ በታች፣ እንደ እርጥብ ፎጣ።

ንዴት ነው ዓይኔን ያሳሳተኝ፣ አልኩ ለራሴ።

እህቴ ጥግ ላይ ቆማለች። ያለ ክራንች።

"ነይ ውጪ! ሐኪሙ እየጠበቀሽ ነው።"

"ጋሼ... ቀስ በል" አለች በሹክሹክታ። "አያመኝም እኮ።"

የውስጡ በር ተከፈተ። ሊቁ ቀጭን ነው። ሲራመድ ግን ወለሉ ይናወጣል። ጨበጠኝ... መዳፉ ውስጥ አጥንት በዛብኝ።

"መምህር፣ እንኳን መጡ። አጥንት ምሰሶ ብቻ አይደለም እንዴ?"

ደሜ ፈላ።

"ምሰሶ? አንተ መሃይም! መቅኔው ደም ያመርታል። ጠፍጣፋው የራስ ቅል አንጎልህን ይጠብቃል፣ ካለህ! የጎድን አጥንት ሳንባህን ይከልላል..."

ጎድን ስል አንዲት ሴትዮ ደረቷ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ቀስ ብሎ።

አየሁ። ግን ሙግቱን እያሸነፍኩ ነበር።

"ረጅሙ የጭን አጥንት ይሸከምሃል። አጫጭሮቹ የእጅ አንጓህን ያዞራሉ። የጉልበት ሎሚ..."

ሁለት ሰዎች ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። ድምፅ የለም።

ሊቁ እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሱን ይነቀንቃል።

"ትንሹስ የቱ ነው፣ መምህር?"

"ጋሼ... አትንገረው" አለች እህቴ።

ደንቆሮ እየጠየቀኝ ዝም ልል? እኔ?

"ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያሉት ሦስቱ ናቸው! የባቄላ ፍሬ የማያክሉ። ድምፅ ወደ ውስጥ የሚሻገረው በእነሱ ነው። ገባህ?"

ፈገግ አለ።

"እነሱ አልነበሩኝም" አለ። "አመሰግናለሁ።"

አሸነፍኩት ብዬ ኮራሁ። እህቴን እየጎተትኩ ደረጃውን ወረድኩ። እንደ ባዶ ካፖርት ቀልላኛለች።

መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ሾፌሮች ጥሩምባቸውን ይጫናሉ...

ጆሮዬ ግን ምንም አይሰማም።

የእህቴ እግር ጉልበቷ ላይ ሳይሆን መሃሉ ላይ ታጠፈ። ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ትጮሃለች መሰለኝ...

ቀና አልኩ።

ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሊቁ ጆሮውን ወደ እኛ አዘንብሎ ቆሟል። የእህቴ ከንፈር በተንቀሳቀሰ ቁጥር፣ እሺ እንደሚላት ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።