ያልደረሰ ሳሙና

መዲና የእሙሽን ሳሙና ቁራጭ ምላሷ ጫፍ ላይ ስታስነካው ባትሪ የላሰች ያህል ነዘራት። ፊቷን ሳታጨማድድ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ቁራጩንም ካነሣችበት ሳህን ላይ መለሰችው። እሙሽ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ስለነበር አላየቻትም። መዲና ወደ እናቷ ጠረጴዛ ተመልሳ ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ልጆቼ፣ ሳሙና ሲሠራ ላላያችሁ ነገሩን ላስረዳችሁ። ከዘይት ጋር የሚደባለቀው ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ የሚልጥ ነገር ነው። ሳሙናው ረግቶ ከተቆረጠ በኋላም ጥላ ሥር ተደርድሮ ሳምንታት መቆየት አለበት። ሶዳው ቀስ እያለ ይበርዳል። የመዲና እናት ሲቲና መድረሱን የምታውቀው በምላሷ ነበር። ከነዘራት ገና ነው፤ ካልነዘራት ደርሷል። እሙሽ ግን ደረቅ ሲል የደረሰ መስሏት ለሰው ይዛው መጥታለች።

ቦታው ዐረብ አገር፣ ዛልቃ የሚባል ሰፈር፣ ከአውራ ጎዳናው በታች ያለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከሚጣል ነገር ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ተሰብስበው ባዛር ዘርግተዋል። አንዱ ከአሮጌ የማስታወቂያ ሸራ ቦርሳ ይሰፋል፤ ሌላዋ ከባዶ ጠርሙስ መብራት ትሠራለች። ጀማይዜ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላት ማዳም ሪታ ዛሬ መጥታ አንድ ሳሙና ትመርጣለች ተብሏል። የመረጠችው ሰው ከእንግዲህ ገበያ ፍለጋ አይንከራተትም።

ሲቲና ከወሎ መጥታ ባዕብዳ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርታለች። አሁን ጀማይዜ ምግብ ቤት ታጸዳለች። ሠራተኞቹ የተጠበሰበትን ዘይት በዕቃ ማጠቢያው እየደፉ ቧንቧው ሲደፈን፣ ተንበርክካ የምትጠርገው እሷ ነበረች። አንድ ቀን እጇ እስከ ክንዷ ቅባት እንደሆነ ወደ ቤት መጣችና፣ «ይኼ ዘይት ቧንቧ ከሚደፍን እጅ ይጠብ እንጂ» አለች። ምግብ ቤቱ የሚጥለው ዘይት ጥቂት ስለሆነ፣ ዛልቃ ፈላፍል የሚባለውን የሽምብራ ጥብስ የሚሸጠው አቡ ሐቢብም የእሱን በነፃ ይሰጣት ጀመር። ጣራው ላይ ሳሙናው ሲሠራ መዲና ዘይቱን ታጣራለች፤ ከላይኛው ፎቅ የጎረቤታቸው የመቅደላዊት ልጅ እሙሽም ትመጣና ታማስላለች። አብረው ያደጉ፣ በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ምሳ ሰዓት ነበር፤ የፈላፍሉ ሰልፍ መንገድ ደርሷል። ሲቲናና መዲና ጀሪካኖቻቸውን ይዘው ሲቀርቡ አቡ ሐቢብ ጭልፋውን አስቀመጠ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሲቲና። ዘይቴን እያጣራሽ ለሌላ መጥበሻ ቤት ትሸጫለሽ አሉኝ። ሰው ቢታመም የሚጠፋው የእኔ ስም ነው።»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። አንዱ ሊቀርጽ ሞባይሉን አነሣ። ሲቲና ዐረብኛው ጠፋባት፤ «ላ፣ ወላሂ» ብቻ አለች። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ይዘው ተመለሱ። ባዶ ጀሪካን ሲይዙት እርስ በርሱ እየተጋጨ ዷ፣ ዷ ይላል። መዲና ያን ድምፅ እስከ ቤት ሰማችው። በማግሥቱ ብቻዋን ሄዳ ማን እንደነገረው ጠየቀችው። «ጓደኛሽ ናት» አላት። «ያቺ ዘወትር አብራሽ የምትመጣው።» ብዙም ሳይቆይ የአቡ ሐቢብ ዘይት በእሙሽ እጅ ደረጃውን ሲወጣ አየችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?

ወደ ባዛሩ እንመለስ። እሙሽ ውኃውን በገበቴ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች።

«ምነው መዱ፣ ዕቃችሁ ሳሳ? አለቀባችሁ እንዴ?»

«ዘይት ጠፍቶ ነው። የት እንደገባ ታውቂ እንደሆነ።»

«ያኒ፣ ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ሳሙናሽ ያምራል። እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረቀልሽ?»

«በፀጉር ማድረቂያ» አለች እሙሽ ኮራ ብላ። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ አራዳ?»

«ኧረ አንቺ ነሽ። ማዳም ሪታ ስትመጣ ታዲያ ደጋግመሽ አስታጥቢያት።»

ሲቲና ከጎን ሆና ልጇን ትመለከት ነበር። «ምን አልሻት?»

«ሳሙናሽ ያምራል አልኳት።»

«ይኼ ሳቅሽ ደስ አላለኝም፣ ልጄ።»

መዲና ሳሙናዎቹን መደርደር ቀጠለች። ጠዋቱን ሙሉ በሐሳቧ የምታየው አንድ ነገር ነው። የማዳም ሪታ መዳፍ ይቀላል፤ ማዳም ትጮኻለች፤ አዳራሹ ሁሉ ወደ እሙሽ ይዞራል። ልክ ያ ሰልፍ ወደ እናቷ እንደዞረው። ከእሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ብድር ማን ያገኛል?

ማዳም ሪታ መጣች። ከኋላዋ ዘንቢል ተሸክማ የቤት ሠራተኛዋ እትዬ ሸዋረገድ ትከተላለች። ሸዋረገድን መዲና በደንብ ታውቃታለች። እሑድ እሑድ እረፍት ስታገኝ እነሱ ቤት ትመጣለች። ክሎር የሚሉት በረኪና እጇን በልቶት ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል፤ ሽንኩርት እንኳ ስትልጥ ያቃጥላታል።

ማዳም ሪታ የእሙሽን ሳሙና አንሥታ አሸተተች። «ቦንጁር፣ ሐቢብቲ። ሽታው ጥሩ ነው።»

«ይሞክሩት ማዳም፣ ውኃው ይኸው» አለች እሙሽ።

ማዳም ሪታ ቀይ ጥፍሮቿን ዘርግታ አየቻቸው። «ጥፍሬን አሁን ነው ያሠራሁት። ሸዋ፣ ያላ፣ አንቺ ታጠቢ።»

ሸዋረገድ ዘንቢሉን አስቀመጠች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። 

መዲና የማዳሟን እጅ ነበር ያሰበችው፤ ይኼን እጅ አላሰበችም። ግን ልዋሻችሁ አልችልም፣ ያን ጊዜም ቢሆን ለአፍታ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከእናቷ ውርደት ጋር ሲነጻጸር አንድ እጅ ቢቃጠል ምን አለበት ብላ አሰበች። ሸዋረገድ እጇን ውኃው ውስጥ ነከረች። እሙሽ ሳሙናውን አቀበለቻት።

መዲና ተነሥታ ሳሙናውን ከመካከል ያዘችው።

«ይቆዩ፣ እትዬ ሸዋ። መጀመሪያ ሠሪዋ ትቅመሰው።»

«ምን?» አለች እሙሽ።

«መድረሱ በምላስ ነው የሚታየው። እማ ስታደርግ አላየሻትም? ወይስ ያን ጊዜ ወሬ ልታደርሺ ሄደሽ ነበር?»

እሙሽ ቀላች። ማዳም ሪታ እያየቻት ነው፤ እምቢ ብትል ያሳፍራል። ሳሙናውን ነጠቀችና በምላሷ ሙሉ ላሰችው። ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሹ ሃይዳ? ምንድን ነው ይኼ?» አለች ማዳም ሪታ ወደ ኋላ እያለች። «መርዝ ነው እንዴ?»

ቦርሳ ሰፊው፣ መብራት ሠሪዋ፣ ሁሉም ዞሩ። መዲና የፈለገችው ይኼው ነበር። አዎ ብትል እሙሽ አበቃላት።

«መርዝስ አይደለም» አለች። «አልደረሰም እንጂ። ጥላ ሥር ይቆይ፣ ይደርሳል።»

ለእሙሽ አዝና እንዳይመስላችሁ። ለሌላ ነገር ስለምትፈልጋት ነው።

ሸዋረገድ እርጥብ እጇን እንደያዘች መዲናን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሄዳ በሲቲና ሳሙና ታጠበች። «ይኼንን አውቀዋለሁ» አለች ለማዳሟ። «እጄን አይነካውም።»

ማዳም ሪታ ሲቲናን «በየወሩ ልታመጪልኝ ትችያለሽ?» አለቻት።

ሲቲና ዓይኗን ወደ ሳሳው ጠረጴዛዋ ጣለች። «የሚበቃ ዘይት የለኝም፣ ማዳም። የሚሰጠኝ ሰው ኸላስ ብሎኛል።»

«ባዛሩ እስኪዘጋ አለሁ። ካገኘሽ ንገሪኝ» ብላ አለፈች።

መዲና ከጠረጴዛው ሥር ጀሪካኖቹን አወጣች። ሳሙናው ከምን እንደሚሠራ ለማሳየት ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። እሙሽ ቧንቧው ጋ አፏን ትጉመጠመጥ ነበር።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው» አለች እሙሽ። «ጠዋት ስታናግሪኝ አውቀሽ ነበር።»

«አዎ።»

«እናቴ ከሥራ ወጥታ ነበር። ዘይቱ ለሁለታችን አይበቃም ብዬ እኮ ነው የዋሸሁት…»

«ይኼንን ለአቡ ሐቢብ ንገሪው። ያላ።»

«አሁን? ምሳ ሰዓት ነው መዱ፣ ሰልፉ መንገድ ድረስ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች መዲና።

በእናቷ በኩል ሲያልፉ ሲቲና ቀና አለች። «ታረቃችሁ?»

«ገና ነን።»

ጀሪካኖቹን እሙሽ ያዘቻቸው። መዲና ከጎኗ ሳይሆን ከኋላ ከኋላዋ ሄደች። ዷ፣ ዷ ይላሉ። ያን ድምፅ አሁን እሙሽ ትስማው።

ሰልፉ እንዳለችው መንገድ ደርሷል። አቡ ሐቢብ ሁለቱን አብረው ሲያያቸው ጭልፋውን አንጠልጥሎ ቀረ። «እህ፣ ምን ፈለጋችሁ?»

እሙሽ ወደ መዲና ዞረች። «ሰዉ እስኪቀንስ እንጠብቅ፣ በማርያም…»

መዲና ሰልፉን አየችው። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። አንዲት ሴት ሞባይሏን እየነካካች ትስቃለች። ጀሪካኖቹን ከእሙሽ እጅ ተቀበለችና ድምፅ እንዳያሰሙ ደረቷ ላይ አቀፈቻቸው። እያንዳንዱ ቃል እስከ ሰልፉ ጫፍ መሰማት አለበት።

«ንገሪው» አለች።