የረጠበችው ኳስ

ቀጮ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። እናቷ የስፖርት አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። የሚኖሩትም ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከሥራው ጋር በተሰጠቻቸው አንዲት ክፍል ነው።

ቀጮ ራኬትቦል ትወዳለች። በአራት ግድግዳ መሃል ሆነው የጎማ ኳስ በራኬት የሚመቱበት ጨዋታ ነው። አሠልጣኟ አንድ ከባድ ሰርቭ፣ ማለትም ጨዋታ ማስጀመሪያ ምት፣ አሳዩአት።

«ኳሷን ከጉልበትሽ ዝቅ አድርገሽ ምቻት። ስትመቻት የእጅሽን አንጓ ቶሎ አዙሪው። ያኔ እየሾረች፣ ዝቅ ብላ በርራ የኋላው ጥግ ትገባለች» አሏት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እሱን ክንድሽን ጠይቂው!»

ቀጮ በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ መታች። ኳሷ አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል ትሄዳለች እንጂ አልሾር አለች። በዚህ መሃል የአዳራሹ ልጆች የውድድር ቀን ደረሰ። ተጋጣሚዋ ጓደኛዋ ድንቡሼ ነበረች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ ልጆች። የረጠበች ኳስ ወለል ስትነካ አትነጥርም፤ ትንሸራተታለች። እሷን መመለስ ጭንቅ ነው። ኳስ ማርጠብ ክልክል እንደሆነ ቀጮ ታውቃለች። ግን «ዛሬን ብቻ» አለች ለራሷ። ሰይጣን መቼም የሚለምነን ዛሬን ብቻ ነው። እጇ ላይ የምታስረውን የላብ መጥረጊያ ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክራ አሰረችው። ከየሰርቩ በፊት ኳሷን እሱ ላይ ታሽ ጀመር።

ነጥብ በነጥብ ላይ መጣላት። «አቤት ስትሾር!» አለ አንዱ ተመልካች። ቀጮ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ከጨርቁ ውኃ እየተንጠባጠበ መሆኑን ልብ አላለችም። ድንቡሼ ኳስ ልትመልስ ወደ ፊት ስትሮጥ እግሯ አዳለጣት። ክንዷ ላይ ወደቀች። ጩኸቷ ያስፈራ ነበር።

የአዳራሹ ኃላፊ ወለሉን ዳሰሱና የቀጮን እናት አስጠሩ።

«ወለሉ ሳይደርቅ ልጆች ታስገቢያለሽ? የሰው ልጅ አሰበርሽ እኮ! ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ በደረቅ ጨርቅ ደግሜ ነው የወለወልኩት» አሉ እናቷ። ኃላፊው አልሰሟቸውም። እናትዮዋ መወልወያቸውን እንደያዙ እንባቸው መጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ ልጆች። ነገር ግን ቀጮ እስኪያድር ብትጠብቅ እናቷ ሥራም ቤትም አይኖራቸውም። ዝም ብትል ማንም ሰው አያውቅባትም። እግዚአብሔር ግን አይቷል።

ቀጮ ጨርቁን ከእጇ ፈትታ ኃላፊው ፊት ጨመቀችው። ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«እኔ ነኝ። ኳሷን ላረጥብበት ብዬ ነው። እማዬ ምንም አላጠፋችም» አለች።

ኃላፊው እናትዮዋን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። የቀጮ ነጥብ ተሰረዘ፤ ሦስት ወርም ከጨዋታ ታገደች። እናቷ አልመቷትም። «ሂጂና የጎዳሻትን ልጅ እግሯ ሥር ወድቀሽ ለምኛት» ብቻ አሏት።

ቀጮ ድንቡሼ ቤት ሄደች። ድንቡሼ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች። ቀጮ ይቅርታ ስትጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀጮ በማግስቱም ሄደች፤ በሦስተኛው ቀንም ሄደች። በሳምንቱ ድንቡሼ ዞር ብላ አየቻት።

«የተሰበረው የምጽፍበት እጄ ነው» አለቻት። «ቁጭ በይና ደብተሬን ጻፊልኝ።»

ቀጮ እያለቀሰች እስክሪብቶውን አነሣች።

ልጆቼ፣ የደበቅነው ጥፋት የሚያርፈው ንጹሕ ሰው ላይ ነውና፣ ስታጠፉ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።